የበዛብህ አገር ዝናብ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሰኔ ገና መግባቱ ነው፤ መስኮቱ በጭቃ ተረጭቷል። ረዳቱ «ማንኩሳ! ማንኩሳ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮህ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ወደ ጓደኛዋ ዞር አለችና «የበዛብህ አገር እኮ ነው» አለቻት። ጓደኛዋ ስልኳን አውጥታ መንገዱን በቪዲዮ ቀረጸች። ከእኔ አጠገብ ደግሞ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያው መስኮት ማሳውን ሲያዩ ቆዩና ለማንም ሳይሆን «እዚህስ ጥሏል፤ እኛ ጋ ገና ነው» አሉ።

ልጆቹም ሽማግሌውም ያዩት ያንኑ ማሳ ነው። ልጆቹ ልብ ወለድ አዩ፤ ሽማግሌው ዝናብ። እኔም ብሆን ለብዙ ዓመት ከልጆቹ ወገን ነበርኩ። ማንኩሳን አልፌ በሄድኩ ቁጥር በዛብህን አስባለሁ እንጂ ያ አፈር እርጥብ ይሁን ደረቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ መሞገት የምፈልገው ነገር ቀላል ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የፍቅር ታሪክ ብቻ፣ ሲበዛም በፊውዳሉ ሥርዓት ላይ የቀረበ ክስ ብቻ አድርገን ስለምናነበው ከመጽሐፉ ብዙ ነገር ያመልጠናል። ሐዲስ ዓለማየሁ መሬትና የሰው ኑሮ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ደብተራችን በተሻለ ገብቷቸዋል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለዋል። ያ የዘለሉት ነገር ደግሞ ዛሬ የአጎቴን እርሻ እየበላው ነው።

ስለራሴ አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል። የተወለድኩት ፍኖተ ሰላም ነው፤ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ኮድ እየጻፍኩ ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ፣ ገጾቹ ከተገነጣጠሉ የተውሶ ቅጂ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አያቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታ ስለነበር ታሪኩን ከእሷ አፍ ሰምቼዋለሁ። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ግን አጠገቤ ካርታ ከፍቼ ነበር።

መንገዱ

እናንተም በካርታ ሞክሩት። በዛብህ የሚወለደው ማንኩሳ ነው፤ ዛሬ ጃቢ ጠህናን ወረዳ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምረውና የሚወዳት ዲማ ነው። ዲማ ከጮቄ ተራራ ወዲያ ማዶ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ አገሩ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቅበት በኩል ነው። የሚሸሸው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። በማንኩሳና በዲማ መካከል ጮቄ አለ፤ ጫፉ ከ4000 ሜትር በላይ። በዲማና በአዲስ አበባ መካከል ዓባይ አለ፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ገደል።

ዓባይ ጎጃምን በሦስት በኩል ነው የከበበው። ሰከላ ውስጥ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሣል፤ ጣና ገብቶ ይወጣል፤ ከዚያ በምሥራቅ ወርዶ፣ በደቡብ ዞሮ፣ በምዕራብ ወደ ሱዳን ያቀናል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያው ይዘጋል። ነጋዴው ይቆማል፤ ደብዳቤው ይቆማል፤ ወሬውም ይቆማል። ጎጃም ለወራት ለብቻዋ ትሆናለች። ዛሬ ከደጀን ጎሐ ጽዮን በመኪና ነው፤ ከአሮጌው ጎን አዲስ ድልድይም ተከፍቷል። ያም ሆኖ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል፤ ጃኬት ይወልቃል፤ ማዶ ስትወጡ ደግሞ ይለበሳል።

ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ያንን መንገድ በእግሯ ስትጀምር ብዙ አንባቢ የሚያለቅሰው ስለ ፍቅሯ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ግን ስለ እግሯም ያለቅሳል። ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሐሩር ወርዶ፣ እንደገና ያንኑ ያህል መውጣት ማለት ነው። ሐዲስ እዚህ ላይ ብልህ ናቸው። ርቀቱን ለጌጥ አላመጡትም፤ ሥራ አሠሩት። በዛብህንና ሰብለን መጀመሪያ የሚለያያቸው የዘር ሐረግና ማዕረግ ነው፤ ያንን ጥሰው ሲወጡ ግን የሚጠብቃቸው መልክዓ ምድሩ ነው። አንዱ ያለበትን ሌላው ማወቅ አይችልም። ዛሬ አንድ የቴሌግራም መልእክት የሚፈታው ነገር ያኔ ሕይወት ይጠይቅ ነበር። ፍቅሩ የሚያልቀውም መንገድ ላይ መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ደብተራችን ላይ የነበረው

ታስታውሱ እንደሆነ የጂኦግራፊ ደብተራችን ላይ «መልክዓ ምድርና የአየር ንብረት የሰዎችን አኗኗር ይወስናሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ፈተና ላይ «እውነት» ብለን ነጥብ አግኝተንበታል። ምዕራብ ጎጃምን ዞሮ ላየ ሰው ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ትክክል ይመስላል።

ደጋ ዳሞት ውስጥ ፈረስ ቤት ላይ ብትቆሙ ብርድ ነው፤ ገብስና ድንች ነው። ወደ ፍኖተ ሰላም ስትወርዱ፣ 1900 ሜትር አካባቢ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ ታገኛላችሁ። ቡሬ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ 2100 ሜትር ገደማ። ከዚያ ወደ ብር ሸለቆ ወይም በወንበርማ በኩል ወደ ዓባይ ቆላ ስትወርዱ ሙቀቱ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ በእግር አንድ ሁለት ቀን በሚያስኬድ ርቀት ውስጥ ነው። ለዚህ ነው የአካባቢው ገበያ የሚደራው። ከላይ የመጣው ሰው ድንቹን ይሸጥና በርበሬ ገዝቶ ይመለሳል፤ ከታች የመጣው በርበሬውን ሽጦ የዘር ገብስ ይዞ ይገባል። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እህል ቢበቅል ኖሮ ለቅዳሜ ገበያ ያን ያህል መንገድ ማን ይሄድ ነበር?

ቤት የሚሠራበት ቦታም እንዲሁ ነው። ድሮ ሰው ቆላ ወርዶ ያርሳል እንጂ ቆላ አያድርም ይባል ነበር፤ ምክንያቱ ወባ ነው። በ1950/51 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ክፉኛ የመታውም ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ማለትም ወባን ለምዶ የመቋቋም ዕድል ባላገኘው ወይና ደጋ ነው። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም በዚህ ከፍታ ውስጥ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው ከዚያ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1958 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ የጎጃም አንባቢዎች ወረርሽኝ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ የሚማሩ ሰዎች አልነበሩም።

ዝናቡስ? ክረምት ላይ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር ከፍታውን ሲያገኝ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ምዕራብ ጎጃም ፊቱን ወደዚያ አየር አዙሮ የተቀመጠ አገር ነው። ስለዚህ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ግንቦት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አንድ ረጅም ወቅት ነው። ወሎ ውስጥ በልግ ሲቀር አንድ ምርት አብሮ የሚቀርበት ብዙ ቦታ አለ፤ እኛ ጋ ግን ሁሉም ነገር ክረምት ላይ ነው፤ ክረምቱም እምብዛም አይቀርም። «ጎጃም ጠግቦ አደር» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ያው ዝናብ፣ ሌላ ኑሮ

እንግዲህ «ይወስናል» የሚለው ግስ ላይ እንጣላ።

ዝናቡ ኑሮን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ማንኩሳ ላይ አንድ ዓይነት ኑሮ ነበር የሚኖረው። ሐዲስ ግን በአንድ ሰማይ ሥር ሁለት ሰው ያሳዩናል። የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ በጉልበቱ የሚኖር፣ ከቦታ ቦታ እየዞረ የሰው መሬት ያረሰ ሰው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ያላረሱትን የሚበሉ ሰው ናቸው። ለሁለቱም የሚዘንበው አንድ ዝናብ ነው፤ ምርቱ ጎተራ ከገባ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል።

ያኔ በጎጃም ገበሬው መሬቱን የሚይዘው በርስት ነው። መጀመሪያ አገሩን ካቀናው አባት እወለዳለሁ ያለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል፤ ክርክሩም አያልቅም። በላዩ ላይ ጉልተኛው አለ፤ እሱ የሚበላው ከአፈሩ ሳይሆን ከአራሹ ነው። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዳሞት ውስጥ ኖሮ ይህንን የርስት ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉም በ1973 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ስለ አንድ ማሳ ለማወቅ ከአፈሩ በፊት የዘር ሐረግ መቁጠር የሚያስፈልግበት አገር ነበር።

ለዚህ ነው የልብ ወለዱ የገበሬዎች አመፅ ትልቅ የሚሆነው። በአበጀ በለው መሪነት ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡት በድርቅ አይደለም፤ ዝናብ ቀርቶባቸው አይደለም። የሚነሡት ከልማዱ በላይ ስለተጠየቁ ነው። ረሀብ አይደለም ያስነሣቸው፤ ሒሳብ ነው። መሬቱ ሰጥቷል፤ ጥያቄው ማን ወሰደው የሚል ነው። እንደ ጂኦግራፊ ደብተራችን ቢሆን ይህ ምዕራፍ አይጻፍም ነበር።

መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በእውነተኛው ዓለም ተነሣ። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አውጥቶ ነበር፤ ገበሬው ይህ መሬቴን ለክቶ ርስቴን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ፈራ። ዳሞትና ሞጣ ከተነሡት ውስጥ ናቸው። መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የግብር ውዝፍም ተሰረዘ። ሐዲስ ነቢይ ነበሩ ለማለት አይደለም። አገራቸውን ያውቁ ነበር፤ በቃ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ ቤተሰቦቻችን ያውቁታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ጉልተኛው ቀረ፤ የርስት ሙግቱም አብሮ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ተደለደለ፤ አንዳንዱ «ቢሮክራት» ተብሎ ተቀነሰበት፤ አንዳንዱ መጀመሪያ ጊዜ የራሱ ማሳ ላይ ቆመ። ቆይቶ የይዞታ ደብተር መጣ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ዝናቡ የሚመጣበት አቅጣጫ አልተቀየረም። የሰዎች ኑሮ ግን ተገለባብጧል።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም እንዲሁ ነው። ወሎና ትግራይ ሲራቡ በወቅቱ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረው ፓዊ ብዙ ሺህ ሰው ተወስዶ ሰፈረ። ካርታውን ከላይ ሆኖ ላየው ሰው ነገሩ ቀላል ነበር፤ ዝናብ ካለበት መሬት ላይ ሰው ማስቀመጥ። ዝናብ ያለበት ቆላ ግን ወባም አለው፤ ከደጋ ለመጣ ሰው ደግሞ ባዕድ ነው። መልክዓ ምድርን ብቻ አይቶ መወሰን ምን እንደሚያስከፍል የዚያን ሰፈራ ታሪክ የሰማ ያውቃል።

ቡሬን ተመልከቱ። የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ትልቁ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በዚያው ዓመት። ሁለቱም እዚያ የተተከሉት አካባቢው ስለሚያመርትና መንገድ ስለሚገናኝበት ነው፤ ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስድ መንገድ አለ። ይህ የጂኦግራፊ ሥራ ነው። በበቆሎው ዋጋ ማን ይጠቀማል የሚለው ግን አሁንም የፊታውራሪ መሸሻ ምዕራፍ ነው።

በእኔ ሙያ ቋንቋ ብናገር፣ መልክዓ ምድሩ ፕሮግራሙ አይደለም፤ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ማሽን ነው። ማሽኑ የማይችለውን ማሠራት አይቻልም። ምን እንደሚሠራ የሚጽፈው ግን ሰው ነው።

የጎደለው ሐምሌ

እስካሁን ያመሰገንኳቸውን ያህል አሁን ልከራከራቸው።

መጽሐፉን ዘግቼ በአእምሮዬ የቀረውን ስቆጥር ሙግት አለ፤ ግብዣ አለ፤ ቅኔ አለ፤ ስለት አለ፤ የትልልቅ ሰዎች ቤት አለ፤ ጉዱ ካሣ አለ። ሐምሌ ግን የለም። ሐምሌ ማለቴ በጭቃ ውስጥ ወገብ የሚቆርጠው የአረም ወር ነው፤ ሴቶች ልጅ አዝለው ማሳ የሚውሉበት፣ ጎተራው ተሟጦ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰበት፣ በቆሎ እሸት እስኪደርስ ቀን የሚቆጠርበት። በልብ ወለዱ ውስጥ ምርት አለ፤ ምርቱ እንዴት ምርት እንደሆነ ግን ከጥግ ነው የምናየው። ወንፈሉን፣ ጉልጓሎውን፣ የችግኝ መደቡን ፈልጌ የሰው ሙግት የያዘውን ሩብ ያህል ቦታ እንኳ አላገኘሁላቸውም። ሐዲስ ማን በላው የሚለውን ጥያቄ እንደ ዳኛ ይመረምራሉ። ማን አበቀለው፣ አፈሩስ እስከ መቼ ይችላል የሚለውን ግን ያልፉታል። መሬቱ ሁልጊዜ እንደሚሰጥ ይታመናል።

ለምን ይሆን? አንድ ግምት አለኝ። ሐዲስ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ ሰው ናቸው፤ ዲማም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የቆሎ ተማሪ ደግሞ እርሻን የሚያየው ከደጃፍ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይቆማል፤ እጁ ላይ የሚወድቀው የበሰለው ነው። ከዚያ በኋላ የኖሩት የስደት፣ የእስር፣ የዲፕሎማሲና የሚኒስትርነት ሕይወት ነው። ገበሬውን አክብረው ጽፈዋል። የጻፉት ግን እንግዳ ሆነው ከበሉበት ማዕድ ነው።

ለእሳቸው መከራከሪያም አለ። የ1958 አንባቢ ሐምሌን ለማወቅ ልብ ወለድ አያስፈልገውም ነበር፤ ወይ ገበሬ ነው፣ ወይ የገበሬ ልጅ ነው። ደራሲ አንባቢው የሚያውቀውን ቢዘል አይወቀስም። ችግሩ እኛ ነን፤ ማንኩሳን ከሚኒባስ መስኮት የምናውቀው። የዘለሉትን ነገር መኖሩንም አናውቅም።

ያ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ምዕራብ ጎጃምን አረንጓዴ ያደረገው ዝናብ አፈሩንም እያጠበው ነው። ብዙ ዝናብ ለረጅም ዘመን ሲወርድ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይዞ ወደ ታች ይሰርጋል፤ የሚቀረው አፈር ይኮመጥጣል። ቀይ አፈራችን ለዚህ የተጋለጠ ነው። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲሄድና መሬቱ ሳያርፍ በየዓመቱ ሲታረስ ይብሳል። አፈር ከኮመጠጠ በኋላ ፎስፈረሱን አንቆ ይይዘዋል፤ ማዳበሪያ ብትጨምሩም ሰብሉ በቅጡ አያገኘውም። አጎቴ ይህንን በኬሚስትሪ አያውቀውም። «መሬቱ ማዳበሪያ ይበላል፤ አይመልስም» ነው የሚለው። ከዚህ የተሻለ አባባል አንብቤ አላውቅም።

ስለዚህ ዝናቡ በረከትም ዕዳም ነው። ጎጃም ለምለም ስለሆነች ትኖራለች የሚለው እምነት በትምህርት ቤት ደብተራችንም በምንወደው ልብ ወለድም ውስጥ አለ፤ ዋጋ የሚያስከፍለንም እሱ ነው። ለምለም አገር ሲታመም ቶሎ አይታይም። ደረቅ አገር ሲራብ ካሜራ ይመጣል፤ አረንጓዴ አገር ሲዳከም ግን ከሚኒባስ መስኮት ያምራል።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ፣ ከደጀን ቁልቁል ስትወርዱ በሁለቱም በኩል። በዛብህንና ሰብለን የለያየው ገደል የማንኩሳን አፈር የሚያክመውን ድንጋይ ተሸክሞ ተቀምጧል። ችግሩ አንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር ኖራ መፈለጉ ነው። መፍጨት አለ፤ ጭነት አለ፤ መንገድ አለ። ፍኖተ ሰላም፣ ድሮ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ፣ የስሟ ትርጉም የሰላም መንገድ ነው። በእነዚህ ዓመታት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ማዳበሪያውም ኖራውም ምርጥ ዘሩም አብሮ እንደሚዘጋ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ሁለት ጥማድ

ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ የነበርኩት አጎቴ ጋ እየሄድኩ ነው። ስልክ ደውሎ «ና፤ የእማማን መሬት ነገር እንነጋገር» አለኝ። መሬቱ በአያቴ ስም ነው፤ ሁለት ጥማድ፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ፤ ቡሬ ሳይደርሱ ገባ ብሎ። አጎቴ ባሕር ዛፍ ሊተክለው ፈልጓል።

«አንተ ልጅ፣ ባሕር ዛፍ እኮ ማዳበሪያ አይጠይቅም። አረም አይጠይቅም። መንገድ ቢዘጋም ቆሞ ይጠብቃል። አጠናውን ነጋዴው ራሱ መጥቶ ነው የሚቆርጠው።»

«ጋሼ፣ እስኪደርስስ ምን ሊበሉ ነው? የጎረቤትስ ማሳ?»

«እሱን ነው የጠራሁህ። ከተሜ አይደለህ? ንገረኝ እስቲ።»

ስልኬን አወጣሁ። እኔ እንደዚህ ያሉ የአየር ትንበያ የሚያሳዩ መተግበሪያዎችን በመሥራት እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ማንኩሳ ላይ ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ 40 በመቶ ይላል። ያን ቁጥር ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ትንበያው ምድርን በካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያየው፤ የአንዱ ካሬ ጎን 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ካሬ ውስጥ ኮረብታም ሸለቆም ገብተው አንድ አማካይ ይሆናሉ። ሽማግሌው «እዚህስ ጥሏል፤ እኛ ጋ ገና ነው» ያሉት ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ለብዙ ወራት በክልሉ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ያ 40 በመቶም አልነበረም። ዝናቡ ግን በሰዓቱ መጣ፤ ሰውም ዘራ።

የእኔም የእነዚያ ልጆችም የሐዲስም ስሕተት አንድ ዓይነት ነው ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ያምራል፤ ሁሉም አማካይ ይሆናል።

አጎቴን አልወቀስኩትም። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል እያከሰለ ገቢ አግኝቷል፤ የደከመ መሬትም እንደረዳው ይነገራል። አጎቴ ያየውን ነው የሚያስበው። የሚከፋኝ ግን ምርጫው የቀረበለት መንገድ ነው። እህል የሚሰጥ መሬት ይዞ እህል መዝራት ኪሳራ ከሆነበት፣ ያንን የወሰነው ዝናቡ አይደለም። የማዳበሪያው ዋጋ ነው፤ ያልመጣው ኖራ ነው፤ የተዘጋው መንገድ ነው። ሁሉም የሰው ሥራ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የሉም፤ የአበጀ በለው ጥያቄ ግን አለ። በዚህ በኩል መጽሐፉ አላረጀም።

አያቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ስትሰማን ቆየች። በመጨረሻ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ «ዛፉን ትከሉት። ግን እኔ በሕይወት ሳለሁ በርበሬ ልገዛ ገበያ አልወጣም።»

በዚህ ተስማማን። አንዱ ጥማድ ባሕር ዛፍ ይሆናል። ሌላው በቆሎና በርበሬ ይቀራል፤ እኔ ደግሞ የኖራውን ዋጋና ጭነት እችላለሁ። የኖራው ወረፋ እስካሁን አልደረሰንም። በርበሬው ግን መደብ ላይ በቅሏል፤ ሐምሌ ላይ ይነቀልና ማሳ ይገባል። አጎቴ «ለአረሙ ና» ብሎኛል። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ይዤ ነው የምሄደው፤ አያቴ ዓይኗ ስለደከመ አነብላታለሁ። ማንኩሳ ስደርስ ግን መጽሐፉን ዘግቼ በመስኮት አያለሁ፤ ጥሎ እንደሆነ።